ትምህርት ቤቱ የማን ነው? ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ከየኔታ ዘመን እስከ ዛሬ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን ሕንፃው ነው። ግድግዳው፣ ቆርቆሮው፣ ወንበሩ ይታየናል። ዛሬ ግን ስለ ሰዎቹ እንነጋገራለን። ትምህርት ቤትን ትምህርት ቤት የሚያሰኙት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ወላጅ ነው። ሁለተኛው ተማሪ ነው። ሦስተኛው መምህር ነው። ሦስቱ እንደ ምድጃ ጉልቻ ናቸው። ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም።

እነዚህ ሦስት ሰዎች በአገራችን እንዴት ይኖሩ ነበር? መቼ ተስማሙ? መቼስ ተራራቁ? ይህን በታሪክ እንመለከታለን። ታሪክ የምናነሣው ያለፈውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በቀበሌያችሁ የወላጆች ስብሰባ ይጠራ ይሆናል። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል። «እዚህ ላይ ፈርሙ» ይላችኋል። ትናንት ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትም ነበር። ዛሬ ግን እናንተ ታነባላችሁ። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን ለማግኘት ከሩቁ እንጀምር።

የየኔታ ዘመን

በጎጃም ምድር የቄስ ትምህርት ቤት የማያውቅ ሰው የለም። ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው። የዋሸራና የጎንጅ ስም በሩቅ ይሰማል። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ወደ ጎጃም ይመጣ ነበር።

ተማሪው ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ነው። አኮፋዳ ማለት የለመነውን ምግብ የሚይዝበት ዕቃ ነው። ጠዋት ይማራል። ከዚያ መንደር ለመንደር እየዞረ ይለምናል። ውሻ ይጮህበታል። የቤቱ እመቤት ውሻውን ትገሥጽለትና ቁራሽ እንጀራ ወይም ጭብጥ ቆሎ ትሰጠዋለች። ቆሎ ተማሪ የተባለውም በዚህ ነው።

ልብ በሉ። ይህች ሴት የተማሪው እናት አይደለችም። አገሩንም አታውቀው ይሆናል። ግን ትመግበዋለች። የእርሷም ልጅ በሌላ አገር በሌላ ሰው ደጅ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የኔታ ዕውቀቱን ይሰጣል። መንደሩ እህሉን ይሰጣል። ተማሪው ደግሞ ይማራል፤ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፤ ውኃ ይቀዳል። ማንም ውል አልጻፈም። ሦስቱ ግን ተስማምተው ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል።

ይህ ስምምነት ጥሩ ነበር። ጉድለትም ነበረው። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ አልነበረችበትም። ወላጅም ልጁን ከሰጠ በኋላ አይጠይቅም ነበር። ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» የሚል አባት ነበር። ይህም «እንደ ፈለጉ ይቅጡት» ማለት ነው። መምህሩ የተከበረ ነበር። ወላጁ ለጋስ ነበር። ጥያቄ ግን አልነበረም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ግብር አለ፤ ድምፅ የለም

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለአገሪቱ ብዙ ሠርተዋል። ለገጠሩ ሰው ግን ሩቅ ነበሩ። ያን ጊዜ የዛሬው አዊ ዞን አገው ምድር ይባል ነበር። ከአገው ምድር የተነሣ የገበሬ ልጅ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ እንዴት ይድረስ?

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። በወረራው ዘመን ብዙ የተማሩ ወጣቶች ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ሲባረር ትምህርት እንደ ገና ከታች ተጀመረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር የሚባል ታወጀ። ገበሬው የመሬት ግብሩን ሲከፍል፣ በዚያ ላይ ለትምህርት የሚሆን ይጨምራል ማለት ነው። ገንዘቡ በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተባለ። ሥራውን የሚመለከት የትምህርት ቦርድም ተቋቋመ። ሐሳቡ መልካም ነው። አገር በራሱ ገንዘብ ልጁን ያስተምር ማለት ነው።

ነገር ግን እስቲ አስቡት። አንድ ገበሬ በባንጃ ወይም በአንከሻ ይኖራል እንበል። ገብስና ድንች ይዘራል። በየዓመቱ የትምህርት ግብር ይከፍላል። ትምህርት ቤቱ ግን ከተማ ነው። የገበሬው ልጅ ከብት ይጠብቃል። ገበሬው ደረሰኙን ቢይዝም ማንበብ አይችልም። ገንዘቡ የት እንደ ገባ ቢጠይቅ የሚሰማው አያገኝም። ትምህርት ቤቶቹ በብዛት በከተማ ነበሩ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ከ100 ሰው ከ90 የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር።

በየኔታ ዘመን ወላጅ እህል ሰጥቶ ዝም አለ። በዚህ ዘመን ብር ሰጥቶ ዝም አለ። የሚሰጠው ነገር ተለወጠ እንጂ ዝምታው አልተለወጠም።

የካቲት 1966

ዝምታው የተሰበረበት አንድ ጊዜ አለ። ይህን በደንብ እንመልከተው።

በ1964 ዓ.ም. መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት የሚመረምር ትልቅ ጥናት አስጠና። ጥናቱ «ሴክተር ሪቪው» ይባል ነበር። ትርጉሙ የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ማለት ነው። የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች ተቀምጠው አጠኑ። በጥናቱ መሠረት አብዛኛው ልጅ የ4 ዓመት ትምህርት ብቻ እንዲያገኝ ታሰበ። ከዚያ በላይ የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው።

አጥኚዎቹ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። «ገንዘባችን ትንሽ ነው። ትምህርት የሚያገኘው የከተማ ልጅ ብቻ ነው። ለጥቂቶች ብዙ ዓመት ከምናስተምር፣ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ እናዳርስ» የሚል ነው። ይህ ሐሳብ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ለገጠሩ ልጅ ምንም ከማጣት 4 ዓመት ይሻላል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል።

ግን አንድ ነገር ቀረ። መምህሩን ማን ጠየቀው? ወላጁን ማን ጠየቀው? ተማሪውንስ? ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ዕቅዱ አለቀ። በ1966 ዓ.ም. ወሬው ሲሰማ ሦስቱም ደነገጡ። መምህራን ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሠጉ። ተማሪዎች «የሁለተኛ ደረጃ በር ሊዘጋብን ነው» አሉ። ወላጆች ደግሞ «የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ደርሶ ወደ እርሻ ይመለስ፤ የሀብታም ልጅ ይማር ማለት ነው» ብለው ተረጎሙት። ለብዙ ወላጅ ትምህርት ማለት ልጁ ከድህነት የሚወጣበት ብቸኛው መሰላል ነበር። መሰላሉ አራተኛው እርከን ላይ ሲቆረጥ ታየው።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። ተማሪዎችም ከክፍል ወጡ። ወላጆች ከመምህራኑና ከልጆቻቸው ጎን ቆሙ። በዚያው ሰሞን የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ሥራ አቁመው ነበር። ወታደሩም ያጉረመርም ነበር። አገሪቱ ተናወጠች። መንግሥት ዕቅዱን ወደ ኋላ መለሰው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ለአብዮቱ መነሻ የሆነው የትምህርት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የመሬት ጥያቄ ነበር፤ የወሎ ረኀብ ነበር፤ የኑሮ ውድነት ነበር። ግን ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር በአንድ ድምፅ ከተናገሩ ይሰማሉ። ደግሞም ሳይጠየቁ የተሠራላቸውን ነገር፣ ጥሩ ሐሳብ ቢኖርበት እንኳ፣ አይቀበሉትም።

እዚህ ላይ ጥቂት እንረፍ። ያነበባችሁትን ለጎረቤታችሁ በቃላችሁ ንገሩት። ከዚያ ቀጥሉ።

ልጅ ወላጁን ሲያስተምር

በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና ሕዝብ እንዲቆጣጠራቸው ይላል። በዚህ መሠረት በየትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። በኮሚቴው ውስጥ የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ ተወካይ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ተወካይ እንዲገቡ ሆነ። በወረቀት ላይ ሦስቱ ጉልቻዎች ተገናኙ ማለት ነው። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ይህን አስተዳደር የሚያጠናክር ሌላ ዐዋጅ ወጣ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ዳስ ተጣለ። ጥቁር ሰሌዳ በዛፍ ላይ ተሰቀለ። ብዙ ሚሊዮን ሰው ፊደል ቆጠረ። በ1972 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች።

በዚያ ዘመቻ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ነገሩ ተገለበጠ። ወጣቱ መምህር ሆነ፤ ሽማግሌው ተማሪ ሆነ። ቀን ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ማታ በኩራዝ ብርሃን የእናቱን ደብተር የሚያይበት ቤት ነበር። ወላጅ ከወንበር ላይ ተቀምጦ የመማርን ድካም በራሱ ላይ አየ። ፊደል መያዝ እንዴት እንደሚያስቸግር ያወቀ አባት፣ ልጁ ሲሳሳት ቶሎ ዱላ አያነሣም።

የአገው ሕዝብ ግን በዚያ ጊዜ ሁለት ዳገት ነበረበት። ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል አዊኛ አልነበረችም። ስለዚህ በአዊኛ አፉን የፈታ ሰው ፊደሉንም አማርኛውንም በአንድ ጊዜ መማር ነበረበት። ዳገቱን የወጡ ብዙ ናቸው። ከመንገድ የቀሩም አሉ።

የትምህርት ቤት ኮሚቴውስ ምን ሆነ? በአንዳንድ ቦታ በእርግጥ ሠራ። በብዙ ቦታ ግን ትእዛዙ ከላይ ይመጣ ነበር። ኮሚቴው መዋጮ ሰብሳቢ ሆነ። ወላጁም «የመንግሥት ትምህርት ቤት» ይለው ጀመር። የእኔ ነው አላለም። ይህ እንዴት እንደሚጎዳ በ1983 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት ሲለወጥ በአገሪቱ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ። ቆርቆሮው ተነቀለ። ወንበሩ ተወሰደ። ሰው የራሱን ቤት ጣሪያ አይነቅልም። የሌላ ሰው ነው ብሎ ያሰበውን ግን ሲወሰድ ዝም ብሎ ያያል።

አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ኮሚቴ ቢባል፣ ቦርድ ቢባል፣ ስሙን ብቻ መለወጥ ወጡን አያጣፍጠውም።

አንድ ፊደል ተጨመረ

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ፖሊሲው ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ይላል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዊ አዊኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። በግእዝ ፊደል ተጻፈች። የመማሪያ መጽሐፍ ታተመላት።

ይህ ለወላጅ ምን አመጣ? ከአዊኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማታውቅ እናት ነበረች እንበል። ድሮ ልጇ መጽሐፉን ሲያነብ ድምፁን ትሰማለች እንጂ ነገሩን አትሰማም። መምህሩ ቢያስጠራት እንኳ ምን ልትለው ነው? አሁን ልጇ በራሷ ቋንቋ ሲያነብ ትሰማለች። «ይህ እንዲህ አይደለም እኮ» ብላ ታርመዋለች። በትምህርት ቤቱና በቤቷ መካከል የነበረው ግድግዳ ትንሽ ዝቅ አለላት።

በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ገንዘብ አያያዝ መመሪያ አወጣ። በዚህ መሠረት በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በየትምህርት ቤቱ ደግሞ የወላጅና የመምህራን ኅብረት እንዲኖር ሆነ። ኅብረቱ በአጭሩ ሲጻፍ «ወመህ» ነው። እስቲ ፊደሎቹን እንቁጠር። ወ፣ ወላጅ። መ፣ መምህር። ህ፣ ኅብረት።

ከዚህ ውስጥ ማን ጎደለ? ተማሪው ጎደለ! በኋላ ጊዜ ተማሪው ተጨመረና ስሙ «ወተመህ» ሆነ። ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር፣ ኅብረት። የተጨመረው አንድ ፊደል ነው። «ተ» ብቻ ናት። ግን ይህች ፊደል ብዙ ትናገራለች። ልጁ የሚቀረጽ ጭቃ ብቻ አይደለም፤ የሚናገርም ሰው ነው ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ተጀመረ። መርሐ ግብሩ አራት ነገሮችን ይመለከታል። መማር ማስተማሩን፣ የትምህርት ቤቱን አመራር፣ የትምህርት ቤቱን ምቹነት፣ የኅብረተሰቡን ተሳትፎ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ስኩል ግራንት» የሚባል የድጎማ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቶች ይላክ ጀመር። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይወስንም። ኅብረቱም ይመክርበታል፤ ይከታተለዋልም።

እንግዲህ ሕጉ አለ፤ መመሪያው አለ፤ ስሙ አለ። የቀረው ምንድን ነው? የቀረው ሰው ነው። እናንተ ናችሁ።

በእድር የማንተወውን በትምህርት ቤት ለምን እንተዋለን?

የአገው ሕዝብ ማኅበር ማስተዳደር ያውቃል። የሰባት ቤት አገው የፈረስ ማኅበርን ተመልከቱ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሰኛው በአንድነት ይወጣል። ፈረሱ ተሸልሞ፣ አለቃው ታውቆ፣ ተራው ተጠብቆ ነው የሚሄደው። ያንን ያህል ሕዝብ ያለ ሥርዓት ማሰለፍ አይቻልም። ደቦ አለን። ወንፈል አለን። እድር አለን።

በእድር ሰብሳቢው «ገንዘቡ አልቋል» ቢላችሁ ዝም ትላላችሁ? አትሉም። «በምን አለቀ? ደብተሩን አምጣ» ትላላችሁ። ዳኛው ይጠየቃል። ገንዘብ ያዡ ይጠየቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ምን አውቃለሁ?» ይላል።

ብዙ ታውቃላችሁ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሒሳብ እንመልከት። ይህ ለትምህርት እንዲሆነን የተሰናዳ ምሳሌ ነው። 120 ወላጆች እያንዳንዳቸው 100 ብር አዋጡ። ገቢው 12,000 ብር ነው። ወጪው በወረቀት ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

የቆርቆሮ መግዣ 7,500 ብር።
የምስማር መግዣ 900 ብር።
የአናጢ ዋጋ 2,000 ብር።

ወጪው ሲደመር 10,400 ብር ይሆናል። ከ12,000 ላይ 10,400 ሲቀነስ 1,600 ብር ይቀራል። ጥያቄው አጭር ነው። «1,600 ብሩ የት ነው?» ምናልባት በሣጥን ውስጥ በደኅና ተቀምጧል። ምናልባትም ጠመኔ ተገዝቶበታል። ጥያቄው ማንንም ሌባ ማለት አይደለም። እንዲያውም ንጹሑን ርእሰ መምህር ከሐሜት ያድነዋል። ማንበብና መደመር የሚችል ወላጅ ባለበት ቀበሌ ሐሜት አይበረታም፤ የሚታይ ወረቀት አለና።

ቃለ ጉባኤም እንዲሁ ነው። ቃለ ጉባኤ ማለት በስብሰባ የተነገረውና የተወሰነው የተጻፈበት ወረቀት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሰው ቢቸኩልም አትቸኩሉ። ያልተባለ ነገር ከተጻፈ «ይህን አላልንም» በሉ። የተባለ ነገር ከቀረ «ይጻፍልን» በሉ። የአውራ ጣት አሻራ አይጠይቅም። እጃችሁ የጻፈው ስም ግን ይጠይቃል።

እኔም መምህር ነኝና ስለ እኛም ልናገር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንወጣ ፊደል እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰሌዳ እንዴት እንደሚጻፍበት ተምረን እንወጣለን። የእያንዳንዱን ቤት ችግር ግን ማንም አያስተምረንም። ወላጅ ካልነገረን ከየት እናውቀዋለን? በስም መጥሪያ ደብተራችን ላይ «ቀሪ» ብለን እንጽፋለን። ለምን እንደ ቀረ ግን ደብተሩ አይነግረንም።

እስቲ እናስላው። አንድ ልጅ በሳምንት 2 ቀን ከብት ለመጠበቅ ይቀራል እንበል። በ40 ሳምንት 80 ቀን ይቀራል። ትምህርቱ በሳምንት 5 ቀን ነውና 80 ቀን ማለት 16 ሳምንት ነው። አራት ወር ያህል ማለት ነው! አባቱ «2 ቀን ምን አላት?» ብሎ ነበር። መምህሩ «ሰነፍ ልጅ» ብሎ ነበር። ልጁ ደግሞ ማንም አልጠየቀውም። ሦስቱ አንድ ቀን ቢቀመጡ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጎረቤታሞች ከብቱን በተራ ይጠብቃሉ። መምህሩ ያለፈውን ትምህርት ያካክሳል። ልጁም እንደሚፈለግ ያውቃል።

ተማሪ የሚያውቀውን ደግሞ እኛ ሁላችን አናውቅም። ውኃ በሌለበት ትምህርት ቤት ሴት ልጅ ለምን እንደምትቀር የምታውቀው እርሷ ናት። ጓደኛዋ ሳትፈልግ ልትዳር ሽር ጉድ እንደሚባል መጀመሪያ የምትሰማውም እርሷ ናት። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ይህን ሕግ መምህሩ ያውቀዋል። ወሬውን ተማሪዋ ታውቀዋለች። ማስቆም የሚችለው ግን ወላጁ ነው። አንዱ ከጎደለ ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

መምህርም ይጠየቅ። በሥራ ቀን ሲቀር «የት ነበርክ?» በሉት። አዲስ መምህር ወደ መንደራችሁ ሲመጣ ግን ተቀበሉት። ቤት የሚከራይበትን አሳዩት። እንጀራ የምትጋግርለትን ሴት አገናኙት። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው። ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የሰጡት እናቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በር ሲዘጋ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙዎችም ተጎድተዋል። ደብተር የያዘ እጅ ሥራ ፈትቶ ቆየ። ይህን እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

በር ሲዘጋ ልጁን ወደ ትምህርት የሚመልሰው ምንድን ነው? ሕንፃው ልጅን አይጠራም። ሰሌዳውም አይጠራም። የሚጠራው ሰው ነው። ልጁን በስሙ የሚያውቅ መምህር ይጠራዋል። «ተነሥ፣ ሂድ» የሚል ወላጅ ይጠራዋል። በመንገድ የሚጠብቀው ጓደኛ ይጠራዋል። ሦስቱ የሚተዋወቁ ከሆነ የተዘጋው በር ሲከፈት ልጁ ይመለሳል። ካልተዋወቁ በሩ ቢከፈትም ወንበሩ ባዶ ይሆናል። እናንተም እስከዚያው ባለችው ሌሊት፣ ባለችው መጽሐፍ፣ ልጃችሁን አስነብቡት። አንድ ገጽ እርሱ ያንብብ፤ አንድ ገጽ እናንተ አንብቡ።

እንግዲህ የኔታን አየን። የትምህርት ግብሩን አየን። የካቲት 1966ን አየን። ኮሚቴውንና ኅብረቱን አየን። ወላጅ በዘመኑ ሁሉ ሰጥቷል። እህል፣ ብር፣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ጉልበት ሰጥቷል። ብዙ ጊዜ ያልሰጠው አንድ ነገር ጥያቄ ነው፤ ማንበብ አይችልም ነበርና። ዛሬ ያ ምክንያት ከእናንተ ላይ ተነሥቷል። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ወረቀቱ ሲመጣ በእጃችሁ ተቀብላችሁ አንብቡት። ከዚያ በራሳችሁ እጅ ስማችሁን ጻፉበት።

ደኅና ሰንብቱ።

የመወያያ ጥያቄዎች
(ከጎረቤታችሁ ወይም ከልጃችሁ ጋር ተወያዩባቸው።)

1. በቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት የ«ወተመህ» አባላት እነማን ናቸው? ስማቸውን ጻፉ።
2. ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤቱ ምን አዋጣችሁ? በምን ላይ ዋለ?
3. የ1966ቱ ዕቅድ ለምን አልተሳካም? ባለቤቶቹ ተጠይቀው ቢሆን ምን ይለወጥ ነበር ትላላችሁ?
4. ልጃችሁን «በትምህርት ቤት ምን ያስቸግርሃል?» ወይም «ምን ያስቸግርሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በሁለት መስመር ጻፉ።
5. በሚቀጥለው ስብሰባ የምትጠይቁትን አንድ ጥያቄ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ።